መልስ፦ ቀዩም ግራጫውም የሙንክ ናቸው
ሁለቱም ዋና ናቸው። «የኖርዌጂያዊው ሠዓሊ የኤድቫርድ ሙንክ ‹የታመመችው ልጅ› አንዱ ቦታ ቀይ፣ ሌላው ቦታ ግራጫ ሆኖ አየሁት፣ የቱ ነው ትክክለኛው?» ላልከው፣ አንዱ የሌላው ቅጂ አይደለም።

ሙንክ በ1896 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ ምስሉን ለህትመት ድንጋይ ላይ ሣለው (ሊቶግራፍ የሚባለው ይሄ ነው)፣ አንድ ድንጋይ ላይ ብቻም አይደለም፤ ኦገስት ክሎ የሚባለው አታሚ ደግሞ ቀለም እየለዋወጠ አተመለት። ሙንክ ዓይኑን ጨፍኖ ጣቱን አየር ላይ እያወዛወዘ «ግራጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ» እያለ ያዝዝ ነበር ብሎ በቦታው የነበረ ሠዓሊ አውርቷል። ቀለሙ ሲቀየር ልጅቷም ትቀየራለች። በቀዩ ትኩሳቱ ገና ፊቷ ላይ አለ፣ በግራጫው ግን ሄዳለች ማለት ይቻላል።

እህቱ ሶፊ ናት መነሻው። በ1877 በሳንባ ነቀርሳ ስትሞት 15 ዓመቷ ነበር፤ እናታቸውንም በ1868 የወሰደው ያው በሽታ ነው። በዘይት ቀለም ሥዕሉ ላይ አጠገቧ አንገቷን የደፋች ሴት አለች። በዚህ ህትመት ግን ሴትዮዋን አስወጥቶ የልጅቷን ጭንቅላትና ትራሱን ብቻ አስቀረ። ለኔ ከዘይቱ ይልቅ ይሄኛው ነው የሚከብደኝ፣ የሚያጽናናት ሰው እንኳ የለማ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ልትገዛ ካሰብክ መጀመሪያ በማጉያ መነጽር እየው። እኔ አንዴ «ሊቶግራፍ ነው» ተብዬ ገዝቼ ቤት ወስጄ ሳየው በእኩል ርቀት የተደረደሩ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ሆኖ አገኘሁት። ተራ ፖስተር ነው ለካ!