ስለ እውነት ብሎ መሳደብ ይገባልን?

ጥያቄ፦ በሰንበት ትምህርት ቤታችን የቴሌግራም ግሩፕ አንድ ወንድም የተቃጠለች ቤተ ክርስቲያን ፎቶ ለጥፎ፣ «ትናንት የእነ እገሌ ብሔር ሰዎች አቃጠሏት» ብሎ ጻፈ። ፎቶው ከዓመታት በፊት በሌላ ቦታ የተነሣ መሆኑን ስለማውቅ በሁሉም ፊት ሰደብሁት። ለእውነት ቀንቼ የተናገርሁት ኃጢአት ይሆንብኛልን? ወይስ ከእንግዲህ ዝም ልበል?

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ አንደበትን ከክፉ መከልከል እንደሚገባ ስለምታውቂ በእርሱ ላይ አልዘገይም። ደጋግሞ የሚያጋጥመኝ ስሕተት ሌላ ነው፤ ይኸውም ነገሩ እውነት እስከ ሆነ ድረስ ስድቡ መንፈሳዊ ቅንዓት ተብሎ ይቈጠርልኛል የሚለው አሳብ ነው።

የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 18ን ረጋ ብለሽ አንብቢ። ጌታችን በተያዘባት ሌሊት ጴጥሮስ ሰይፉን ሲመዝዝ ቅንዓቱ የልብ ነበር፣ የቆመለትም ክርስቶስ ነበር፤ የቆረጠው ግን የሊቀ ካህናቱን ባሪያ የማልኮስን ጆሮ ነው። ስድብም ጆሮ ይቆርጣል። በሰው ፊት የተዋረደ ወንድም፣ ማስረጃሽ የቱንም ያህል የጠራ ቢሆን፣ ከዚያ በኋላ ስለ ክብሩ እንጂ ስለ ፎቶው አያስብም። ጌታችን ሰይፉን ወደ ሰገባው አስመለሰ፤ ሉቃስ እንደ ጻፈልንም ጆሮውን ዳስሶ ፈወሰው።

በዚያችው ሌሊት ጌታችን ራሱ በጥፊ ሲመታ ግን ዝም አላለም፦ «ክፉ ተናግሬ እንደ ሆንሁ ስለ ክፉ መስክር፤ መልካም ተናግሬ እንደ ሆንሁ ግን ስለ ምን ትመታኛለህ?» አለው። ሳይሳደብ፣ የመታውን ሰው ማስረጃ ጠየቀው። ስለዚህ ዝምታ ሁልጊዜ ትሕትና ነው ብለሽ አታስቢ፤ አንድ ሕዝብ በሙሉ ባላደረገው ሲከሰስ እያወቁ ዝም ማለት ጎረቤትን ለጥቃት አሳልፎ መስጠት ነው።

አሁን ለወንድምሽ በውስጥ መስመር ጻፊለት። አስቀድመሽ ስለ ስድቡ ይቅርታ ጠይቂው፤ ይቅርታሽንም «ግን አንተም» በሚል ቃል አታበላሺው። ከዚያም «ይህን ፎቶ ከየት አገኘኸው?» በዪው፤ መጀመሪያ የወጣበትን ቀንና ቦታ አሳይተሽ፣ ራሱ እንዲያነሣው ጊዜ ስጪው። ሐዘኑን ግን አታቃልዪበት። በ2010 ዓ.ም. በጅግጅጋ አብያተ ክርስቲያናት በእርግጥ ተቃጥለዋል፣ ካህናትም ተገድለዋል፤ እንዲህ ያለውን ያየ ሰው ሐሰተኛውንም ፈጥኖ ቢያምን አይደንቅም።

ፎቶውን ብዙዎች አይተውታልና እርምቱ በዚያው ግሩፕ መነገር አለበት፤ ሲነገር ግን ስሕተቱ ይጠቀስ እንጂ የወንድምሽ ስም አይነሣ። መልስ የሚጽፉልሽ ቢቆጡም ያንኑ ማስረጃ በዚያው ትሕትና መልሰሽ ማቅረብ እንጂ ከእነርሱ ጋር እልህ መጋባት አያስፈልግሽም።

ሰው እንዲገደል ወይም እንዲፈናቀል የሚቀሰቅስ ጽሑፍ ሲያጋጥምሽ ግን በውይይት ጊዜ አታጥፊ። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012ም የሚከለክለው ነውና፣ ጽሑፉን ለማንም ሳታጋሪ ለግሩፑ አስተዳዳሪዎችና ለሕግ አካል በዚያው ሰዓት አሳውቂ።