ሕጉ ይከፈት፣ ሥዕሉ ይቆይ

ሰላም እህቴ፣ አራት ኪሎ ከጓደኞችሽ ጋር የምትጫወቱትን የሚና ጨዋታ (ተጫዋቹ የፈጠረውን ገጸ ባሕርይ ሆኖ የሚጫወትበት) ሕግ ለሁሉም ክፍት ላድርግ፣ የጭራቆቹ ሥዕል ግን በእጄ ይቅር ብለሻል። ይቻላል።

የጨዋታ ስልት ራሱ በቅጂ መብት አይያዝም። አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሐሳብንና አሠራርን አይጠብቅም፤ የሚጠብቀው የተገለጸበትን መንገድ ነው። ሥዕል ግን ባይመዘገብም ጥበቃ አለው።

አደጋው ያለው ሽፋኑ ላይ ነው። ክሪኤቲቭ ኮመንስ ሥራሽን ሌላው እንዲጠቀምበት የሚፈቅድ ዝግጁ ፈቃድ ነው፤ «ይህ መጽሐፍ በክሪኤቲቭ ኮመንስ ወጥቷል» ብለሽ ከጻፍሽ፣ ያ የጅብ ፊት ያለው ዘንዶሽም አብሮ ሄደ ማለት ነው። ፈቃዱ ደግሞ አንዴ ከተሰጠ አይመለስም! ስለዚህ ለይተሽ ጻፊ፦ «የሕጉ ጽሑፍ በሲሲ ባይ 4.0 ተፈቅዷል። ሥዕሎቹና የፍጡራኑ ታሪክ አይካተቱም፤ መብታቸው የተጠበቀ ነው።» ሲሲ ባይ ስምሽን እስከጠቀሰ ድረስ ማንም እንዲጠቀም የሚፈቅደው የክሪኤቲቭ ኮመንስ ዓይነት ነው። እኔ ብሆን ሥዕል የሌለበት ፒዲኤፍ ለብቻው አወጣለሁ። ታዋቂው የሚና ጨዋታ ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስም በ2023 እ.ኤ.አ. መሠረታዊ ሕጎቹን በዚሁ ፈቃድ ሲለቅ ሥዕሎቹን አልጨመረም።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ሌላ ነገር አለ። በክፍቱ ጽሑፍ ውስጥ «የጅብ ፊት፣ ጀርባው ላይ እሾህ፣ ሦስት ጅራት» ብለሽ መልኩን ከዘረዘርሽ፣ ማንም ያንን አንብቦ የራሱን ዘንዶ መሳል ይችላል። ክፍቱ ላይ ጉልበቱን፣ ፍጥነቱንና የጥቃት ቁጥሩን ብቻ ተዪ። መልኩ በተዘጋው መጽሐፍ ይግባ። ስም ብቻውን ግን በቅጂ መብት አይጠበቅም፤ ለእሱ መንገዱ የንግድ ምልክት ምዝገባ ነው።

ሥዕሎቹን ሌላ ሰው ከሳለልሽ፣ ጓደኛም ቢሆን፣ መብቱ የማን እንደሆነ በጽሑፍ ተፈራረሙ። ይህን ከማተምሽ በፊት ጨርሺው።