«ለፕላን ማሻሻያ ውይይት ተጠርተናል፤ ብሄድ ምን ልጠይቅ?» ላልሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። የሰፈራችሁ የአካባቢ ልማት ፕላን፣ ማለትም በሰፈሩ ውስጥ መንገዱ፣ ቤቱና አረንጓዴ ቦታው የት እንደሚሆን የሚወስነው ዝርዝር ፕላን፣ ሊሻሻል ነው ተብሎ ለውይይት ተጠርታችኋል። ጎረቤቶችሽ «አልቆ የመጣ ነገር ነው፣ ፊርማ ሊሰበስቡ ነው» ይሉሻል። እኔ እዚሁ ጎንደር የሰፈር ተወካይ ሆኜ እንዲህ ዓይነት ስብሰባ ላይ ተቀምጫለሁ። ሂጂ። ግን ከስብሰባው ቀን በፊትም ሂጂ።

ረቂቁን ለመጀመሪያ ጊዜ አዳራሽ ውስጥ ካየሽው ዘግይተሻል። በእኛ ጊዜ ካርታው በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ወጣ። ቢጫ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ። ባለሙያው እየሮጠ አስረዳ። ከዚያ መድረኩ ክፍት ነው ተባለ። ሰው ምን ጠየቀ? ውሃ ለምን ይጠፋል፣ መብራት ለምን ይቆራረጣል። አይፈረድበትም፣ ያመመውን ነው የሚናገረው። ግን ሰዓቱ በዚያው አለቀ። ልንበተን ስንል አንዲት እናት ተነሱና «ልጄ፣ የኔ ቤት የቱ ጋ ነው?» አሉ። ማንም ሊያሳያቸው አልቻለም። አዳራሹ ያኔ ነው የነቃው። ለካ ሁላችንም ቤታችንን አላገኘነውም!

ስለዚህ አስቀድመሽ ፕላን የሚሠራው ክፍል ሂጂና ሁለት ካርታ አሳዩኝ በያቸው፤ አሁን የሚሠራበትንና ረቂቁን። ማሻሻያ እስከሆነ ድረስ የሚያስፈልግሽ ልዩነቱ ነው። የይዞታ ካርታሽን ያዢና ቦታሽን ፈልጊ። መንገዱ ስንት ሜትር ሆነ? በየትኛው ጎን ሰፋ? ቦታሽ ከመኖሪያ ወደ ቅይጥ (መኖሪያና ንግድ አብረው ወደሚሆኑበት) ወይም ወደ አረንጓዴ ቦታ ተቀይሯል? የፎቁ ከፍታስ? ይሄን ቀላል እንዳታደርጊው። እዚያ ቦታ ላይ መሠራት ያለበት ዝቅተኛው የፎቅ ከፍታ ከተሰቀለ አቅም የሌለው ሰው አፍርሼ ልሥራ ሲል የግንባታ ፈቃድ ላይ ሊቸገር ይችላል።

ከዚያ አንድ ጥያቄ አለ፤ እኔ ከሁሉም የማስቀድመው እሱን ነው። «ይሄ ለውጥ ከመዋቅራዊ ፕላኑ የመጣ ነው ወይስ እዚህ የተጨመረ?» መዋቅራዊ ፕላን የከተማው ጠቅላላ ፕላን ነው፤ የአካባቢ ልማት ፕላን እሱን ተከትሎ ነው የሚሠራው። ዋናው መንገድ ከላይ የመጣ ከሆነ የቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ብትጮሂ አይነቃነቅም። የውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ የሽንሸና (የመሬቱ አከፋፈል)፣ የአረንጓዴ ቦታ ጉዳይ ግን እዚሁ ሊነካ ይችላል። ጉልበትሽን እዚያ ላይ አውዪው።

የጎንደር ነገር ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ከተማችን ዳገትና ቁልቁለት ናት፣ ካርታው ግን ጠፍጣፋ ነው። ወረቀት ላይ ቀጥ ብሎ የተሰመረ መንገድ መሬት ላይ ሲወርድ ደጋፊ ግንብ ይፈልጋል። ግንቡ ደግሞ ከመንገዱ ስፋት ውጪ ቦታ ይበላል። የክረምቱ ጎርፍስ በየት ይውረድ? ወደ ቃሃ ወይም ወደ አንገረብ ወንዝ የሚወርደውን ቦይ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ያውቁታል፣ ካርታ ላይ ግን ላይኖር ይችላል። በእኛ ሰፈር የተሳካልን በዚህ በኩል ነው። ባለሙያዎቹ መጥተው ዳገቱን ከእኛ ጋር በእግራቸው ወጡ። አንድ የውስጥ መንገድ ዞረ። ዝቅተኛው የፎቅ ከፍታ ይቀነስልን ያልነውን ግን አልተቀበሉንም፣ እውነቱን ለመናገር።

ሰፈራችሁ ፋሲል ግቢ፣ የፋሲል መዋኛ ወይም ቁስቋም አጠገብ ከሆነ ጉዳዩ ይሰፋል። እነዚህ በ1979 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበው ቅርስ ክፍል ናቸው። ዙሪያቸው የሚሠራው ነገር በሰፈር ድምፅ ብቻ አያልቅም። የቅርስ ባለሙያ ተጠርቷል ወይ ብለሽ ጠይቂ።

ሕጉማ አለ። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ሕዝቡና ባለድርሻዎች በፕላን ሥራ እንዲሳተፉ ይላል። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 43 ላይ ኅብረተሰቡን በሚነካ ፕሮጀክት ላይ ሰው ሐሳቡን መጠየቁን መብት አድርጎታል። ካሳና ምትክ ቦታ ሌላ አዋጅ ነው፤ 1161/2011፣ እሱም በኋላ ተሻሽሏል። ውይይቱ ላይ ሁለቱን ካቀላቀላችሁ ስብሰባው በካሳ ጭቅጭቅ ያልቅና ስለ ፕላኑ ሳትናገሩ ትወጣላችሁ።

ስለ ፊርማው ጎረቤቶችሽ የሚሉት ከመሬት የተነሳ አይደለም። ወረቀት ሲዞር ከላይ ያለውን ርዕስ አንብቢ። «የተሳታፊዎች ስም ዝርዝር» ከሆነ ፈርሚ። «በረቂቁ ተስማምተናል» ከሆነ ቆዪ። ቃለ ጉባኤው ሳንበተን ይነበብልን በሉ። ደግሞም የተናገርሽውን የብሎክ ቁጥር ጠቅሰሽ በደብዳቤ አስገቢ፣ ቅጂሽ ላይ የመዝገብ ቤቱን ቁጥርና ማኅተም አስደርጊ። በኋላ «ማንም አልተቃወመም» ሲባል የምታወጪው እሱን ነው።

ሌላው፣ ማን እንደቀረ ተመልከቺ። ብዙ ጊዜ የሚጠራው የይዞታ ካርታ ያለው ነው። የቀበሌ ቤት ተከራዩ፣ ጉልት ላይ የምትውለው፣ ግቢ ውስጥ የተከራየው ይረሳል፤ መንገዱ ሲሰፋ ግን እነሱም ናቸው የሚነሱት። በእድር አስነግሩ። ስብሰባው ቅዳሜ ከተባለ ደግሞ ካሁኑ ቀን ይቀየርልን በሉ፤ ገበያ የሚወጡት ሴቶች አይመጡም።