ሃያ ሦስት ገጽ አንድ በአንድ ከመክፈት

ጥያቄ፦ ሐዋሳ የምኖር የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ስለ ሥነ ፈለክ፣ ስለ ሥነ ጽሑፍና ስለ ጓሮ አትክልት የሚጽፉ 23 ጦማሮችንና ድረ ገጾችን እከታተላለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ በስልኬ አንድ በአንድ እከፍታቸዋለሁ፤ አዲስ ነገር የማገኘው ግን ከአራቱ ወይም ከአምስቱ ብቻ ስለሆነ ለቀሩት ያወጣሁት ዳታ በከንቱ ይቀራል። ፌስቡክ ላይ ገጾቻቸውን ብከተልም የሚጽፉት አይደርሰኝም። ባልደረባዬ «ፊድ ሪደር ተጠቀም» ብሎኝ ነበር፤ ምንነቱን፣ ገንዘብ ይጠይቅ እንደሆነና ለአማርኛ ገጾች ይሠራ እንደሆነ ብትገልጹልኝ።

መልስ፦ መምህር፣ ባልደረባዎ ጥሩ መክረዎታል። ብዙ ሰው ባያስተውለውም፣ አብዛኞቹ ጦማሮች ከምናየው ባለ ፎቶና ባለ ማስታወቂያ ገጽ ሌላ፣ ለሰው ዓይን ሳይሆን ለፕሮግራም ተብሎ የተዘጋጀ አንድ ፋይል አላቸው። በዚህ ፋይል ውስጥ የቅርብ ጊዜ ጽሑፎች ርእስ፣ የወጡበት ቀንና አድራሻቸው፣ አንዳንዴም ሙሉ ጽሑፉ ተዘርዝሮ ይገኛል። ዝርዝሩ ፊድ ይባላል፤ በብዛት የሚዘጋጅበት መልክ ደግሞ አርኤስኤስ ነው። ፊድ ሪደር እርስዎ በሰጡት አድራሻ መሠረት እነዚህን ፋይሎች በየጊዜው እየዞረ ያይና አዲስ የወጣውን ብቻ በወጣበት ቅደም ተከተል በአንድ ቦታ ያቀርብልዎታል። በሙያዎ ቋንቋ ለመናገር፣ ስም የመጥራቱን ሥራ እሱ ይሠራልዎታል፤ እርስዎ ዘንድ የሚደርሱት «አቤት» ያሉት ብቻ ናቸው። ከፌስቡክ የሚለየውም እዚህ ላይ ነው፤ የትኛው ጽሑፍ ይታይዎት፣ የትኛው ይቅር ብሎ በመካከል የሚወስን አልጎሪዝም የለም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። አርኤስኤስ እ.ኤ.አ. በ1999 ኔትስኬፕ በተባለው ኩባንያ የተጀመረ ሲሆን፣ እስከ ዛሬ በሰፊው የሚሠራበት 2.0 የተባለው ዓይነት በ2002 ወጥቷል። ጉግል ለዚሁ ሥራ በ2005 የከፈተውን ጉግል ሪደር እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 2013 ሲዘጋው ብዙ ሰው ዘዴው አብሮ የሞተ መስሎት ነበር፤ ይሁንና የተዘጋው ማንበቢያው እንጂ ፋይሎቹ አልነበሩም። ፖድካስት የሚያዳምጡ ከሆነ ሳያውቁት በአርኤስኤስ ሲገለገሉ ኖረዋል፤ አዳዲስ ክፍሎች ወደ ስልክዎ የሚመጡት በዚሁ መንገድ ነው።

ስለ ዳታው አይስጉ። ፊድ ጽሑፍ ብቻ በመሆኑ ቀላል ነው። የግእዝ ፊደል ዩቲኤፍ-8 በተባለው፣ ፊደላት በኮምፒውተር በሚቀመጡበት የተለመደ ዘዴ ሲጻፍ እያንዳንዱ 3 ባይት ይወስዳል፤ የላቲኑ 1 ብቻ ነው። እንዲያም ሆኖ አንድ ሺህ ፊደል ያለው የአማርኛ ጽሑፍ 3 ኪሎባይት ገደማ ነው፤ አንድ መካከለኛ ፎቶ ይህን ብዙ ጊዜ እጥፍ ይበልጠዋል። በተጨማሪም ደህና ማንበቢያ ፋይሉን ከማውረዱ በፊት «ከመጨረሻው ጉብኝቴ ወዲህ የተለወጠ ነገር አለ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ከሌለ ሰርቨሩ (ገጹ የተቀመጠበት ኮምፒውተር) 304፣ ማለትም «አልተለወጠም» የሚል አጭር መልስ ይሰጠዋል እንጂ ፋይሉን እንደገና አይልክም። በቅዳሜው ዙር የሚያልቀው ዳታዎ የሚተርፈው በዚህ ነው።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። ለአንድሮይድ ስልክ ፊደር የተባለው መተግበሪያ ነጻ ነው፤ አካውንት እንኳ አይጠይቅም። ለአይፎን ኔትኒውስዋየር አለ፤ እሱም ነጻ ነው። ስልክና ኮምፒውተር ላይ እያፈራረቁ የሚያነቡ ከሆነ ግን ፊድሊ ወይም ኢኖሪደር ይሻላል፤ ሁለቱም የሚከፈልበት ደረጃ ቢኖራቸውም ለ23 ገጽ ነጻው ይበቃዎታል። መተግበሪያውን ከፍተው የጦማሩን የተለመደ አድራሻ ሲያስገቡለት ፊዱን አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ፈልጎ ያገኘዋል። እምቢ ካለ፣ ጦማሩ በወርድፕሬስ የተሠራ ከሆነ ከአድራሻው መጨረሻ እዝባርና «ፊድ» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል ይጨምሩ። በብሎገር የተሠራ ከሆነ ደግሞ «ፊድስ»፣ «ፖስትስ» እና «ዲፎልት» የሚሉትን ቃላት በእዝባር እየለዩ ያስገቡ። አማርኛ መሆኑ ምንም ለውጥ አያመጣም።

አንድ ነገር ግን ከራሴ ስሕተት ልንገርዎ። እኔ ስጀምር በቀን በርካታ ዜና የሚያወጣ ገጽ ከጦማሮቹ ጋር ደባልቄ አስገባሁ። ከአንድ ሳምንት የመስክ ሥራ ስመለስ ከስምንት መቶ በላይ ያልተነበበ ርእስ ጠበቀኝ፤ በሦስት ወር አንድ ጊዜ የሚጽፍ የምወደው ጦማሪ ያወጣው ጽሑፍ ከሥር ተቀብሮ ያገኘሁት ዜናውን በሙሉ ካጠፋሁ በኋላ ነበር። እንደ እኔ አስተያየት ፊድ ሪደር የሚጠቅመው አልፎ አልፎ ለሚጽፉት ነው፤ የዕለት ዜናን እዚያው የለመዱት ቦታ ይተዉት። የመረጧቸውን ገጾች ዝርዝርም ኦፒኤምኤል በሚባል ፋይል አውጥተው ያስቀምጡ፤ መተግበሪያው ነገ ቢዘጋ ወደ ሌላው ይዘውት ይሄዳሉ።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነው የምሠራው። የምከታተላቸው ጥቂት የዩቲዩብ ቻናሎች ብቻ ናቸው፤ ነገር ግን ዩቲዩብን በከፈትሁ ቁጥር ያልፈለግሁትን ሳይ እመሻለሁ። ለእኔስ ይሆናል?

መልስ፦ ይሆናል፣ እህቴ። እያንዳንዱ የዩቲዩብ ቻናል የራሱ ፊድ አለው፤ በአብዛኞቹ ማንበቢያዎች የቻናሉን አድራሻ ማስገባት ብቻ ይበቃል። የቅርብ ጊዜዎቹ ቪዲዮዎች በርእስ ተዘርዝረው ይመጡልዎታል፤ ከጎን «ይህንንም ይመልከቱ» የሚል አይኖርም። ቪዲዮውን ሲከፍቱት የሚመጣው ማስታወቂያ ግን አይቀርልዎትም።