ደም ሲመለስ ልብ ለምን ይጎዳል?

ጥያቄ፦ እናቴ የልብ ቫልቭ ሊቀየርላት ነው። ሐኪሟ «ልቧን አቁመን እንሠራለን፤ ደሙን መልሰን ስንለቅ ደግሞ በጣም እንጠነቀቃለን» አሉን። ደም ማግኘት እንዴት ይጎዳል? ብግነት እንዳይነሳባትስ ቀድሞ ስቴሮይድ ቢሰጣት?

መልስ፦ ሐኪሟ ልክ ናቸው። አኦርታ (ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ቧንቧ) በመቆንጠጫ ሲዘጋ የልብ ጡንቻ ደም ያጣል። ሕዋሱ ጉልበቱን ይጨርሳል፣ አሲድ ያጠራቅማል፣ ካልሲየምም ይሞላዋል። መቆንጠጫው ሲነሳ ኦክስጅን በድንገት ይገባና ጎጂ ፍሪ ራዲካሎች ይፈጠራሉ። አሲዱ ዘግቶት የቆየው የሚቶኮንድሪያ (የሕዋሱ ጉልበት ማመንጫ) ቀዳዳም አሲዱ ሲታጠብ ይከፈታል፤ ክፍት ሆኖ ከቀረ ሕዋሱ ይሞታል። ነጭ የደም ሕዋሳት ወደ ተጎዳው ቦታ ሲጎርፉ ደግሞ ብግነቱ ይጨመራል። ደሙ የልብና ሳንባ ማሽኑን ቱቦዎች በመንካቱ ብቻ አስቀድሞ ተቆጥቷል።

ጥበቃው እንግዲህ ገና ሲዘጋ ይጀመራል። ፖታሲየም የበዛበት፣ ካርዲዮፕሌጂያ የሚባለው ልብ ማቆሚያ ፈሳሽ ልብን ዘና እንዳለ ያቆመዋል፤ ብዙ ጊዜ 4 ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስ ቀዝቅዞ ነው የሚሰጠው። በተለመደው ዓይነት 4 እጅ ደም ከ1 እጅ መድኃኒት ጋር ተቀላቅሎ በየ15 እስከ 20 ደቂቃ ይደገማል። ዴል ኒዶ የሚባለው ተገላቢጦሽ ነው፦ 1 እጅ ደም ለ4 እጅ መድኃኒት፣ በኪሎ 20 ሚሊ ሊትር፣ ለአዋቂ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 1 ሊትር። የድግግሞሹም ጊዜ ይራዘማል።

ዋናው ችግር መድኃኒቱ ሁሉም ቦታ አለመድረሱ ነው። የእናትዎ አኦርታ ቫልቭ የሚያፈስ ከሆነ፣ ከአኦርታ ሥር የተለቀቀው ወደ ልብ ቧንቧዎች በመግባት ፈንታ ወደ ግራው የልብ ክፍል ተመልሶ ይወጥረዋል። ያኔ በቀጥታ በልብ ቧንቧዎቹ አፍ፣ ወይም በኮሮናሪ ሳይነስ (የልብ ጡንቻን ደም በሚመልሰው ደም መልስ) በኩል ወደ ኋላ ይሰጣል። በሳይነሱ ግፊቱ ከ40 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ እንዳያልፍ ይጠበቃል፤ ካለፈ ሳይነሱ ሊቀደድ ይችላል። በዚህ መንገድ የቀኙ ክፍል የሚያገኘው አነስተኛ ስለሆነ አንዱን ብቻ ከመተማመን ሁለቱን መንገዶች ማጣመር ይሻላል።

ደሙ ሊለቀቅ ሲል በልቡ ውስጥ የቀረው አየር ይወጣል፤ የደሙ ግፊትም ለአጭር ጊዜ ዝቅ ይደረጋል። ካልሲየም ወዲያው አይሰጥም፤ ሕዋሱ ቀድሞውኑ ሞልቶበታል።

ስቴሮይድን በተመለከተ ተስፋው ትልቅ ነበር። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2012 በ4,494፣ በ2015 ደግሞ በ7,507 ታካሚዎች ላይ የተደረጉት ሁለት ጥናቶች ሞትን እንደሚቀንስ አላሳዩም፤ በሁለተኛው እንዲያውም የልብ ጡንቻ ጉዳት ስቴሮይድ በወሰዱት በዝቶ ታይቷል። ለሁሉም አዋቂ በልማድ እንዲሰጥ አንመክርም። እናትዎ ለሌላ በሽታ ስቴሮይድ እየወሰዱ ከሆነ ግን በራሳቸው እንዳያቋርጡ፤ መጠኑንና የጀመሩበትን ጊዜ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ለማደንዘዣ ሐኪሙ ይንገሩ።