ካሜራ ይዤ ማስቀደሴ ይቆጠርልኛልን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ በባሕር ዳር የቪዲዮና የቀጥታ ሥርጭት ባለሙያ ነኝ። በሥራ ቀናት የሆቴል ስብሰባ፣ ሠርግና የሙዚቃ ዝግጅት እቀርጻለሁ፤ እሑድ ደግሞ በደብራችን የቅዳሴውን ሥርጭት እመራለሁ። ዓይኔ ከስክሪኑ ስለማይነሣ ማስቀደሴ ይቆጠርልኛልን? መቁረብስ እችላለሁን? ከዘፈን ዝግጅት ካገኘሁት ገንዘብስ ዐሥራት ይወጣልን?

መልስ፦ ወንድማችን፣ ሙያዎ ለቤተ ክርስቲያን ባዕድ አይደለም። እግዚአብሔር ባስልኤልን በጥበብ ሞልቶ ለድንኳኑ ሥራ እንደ ጠራው በዘጸአት ምዕራፍ 31 ተጽፏል፤ በዘጌ የዑራ ኪዳነ ምሕረትን የመቅደስ ግድግዳ በውጭ በኩል የሸፈኑት ሥዕላትም የእንዲህ ያሉ እጆች ሥራ ናቸው። ሥርጭቱም ከአልጋ ለማይነሡ ሕሙማንና ቤተ ክርስቲያን ለራቀቻቸው ስደተኞች ትልቅ በረከት ነው፤ ጤነኛው በመኝታው ላይ ሆኖ በስልክ «አስቀደስኩ» እንዲል ግን አልተፈቀደም።

ሆኖም አገልግሎት ጸሎትን አይተካም። ማርታ የተገሠጸችው ጌታን ማስተናገዷ ክፉ ሆኖ ሳይሆን በብዙ ነገር በመታወኳ ነው። ዲያቆኑ «ተንሥኡ ለጸሎት» ብሎ ሕዝቡ ሲነሣ፣ እርስዎ በጆሮ ማዳመጫው «ካሜራ ሁለት፣ ጠጋ በል፣ ፎከስህን አስተካክል» እያሉ ከሆነ፣ አገልግለዋል እንጂ አስቀድሰዋል ለማለት ይከብዳል። በእኔ አስተያየት መፍትሔው ከቅዳሜ ይጀምራል፤ የድምፁና የገመዱ ፍተሻ ያኔ ይጠናቀቅ፣ የቅዳሴው ሥርዓትም የታወቀ ነውና የትኛው ካሜራ መቼ እንደሚገባ አስቀድሞ ይወሰን፤ እግዚኦታው ሲደርስ አንድ ካሜራ ሰፊውን ምስል ይዞ ይቁም፣ ቡድኑም ከሕዝቡ ጋር ይጸልይ። ተመልካቹ በዚያ ሰዓት የምስል ለውጥ አጣሁ ብሎ አያዝንም፤ ቢያዝንም ግድ የለም።

ሊቆርቡ ባሰቡበት ቀን ግን ካሜራውን ለሌላ ይስጡ። ቆራቢ ከንስሐ አባቱ ጋር መክሮ፣ 18 ሰዓት ጾሞ፣ ከቅዳሴው መጀመሪያ እስከ ስንብቱ ድረስ በተሰበሰበ ልብ ሊቆም ይገባዋል፤ ቅዳሜ እስከ እኩለ ሌሊት በሆቴል መድረክ ሥር አምሽቶ ማለዳ መድረስ ከዚህ ዝግጅት ጋር አይስማማም።

ባይጠይቁኝም ስለ ወሰኑ ልጨምር። ካሜራ ከመጋረጃው አያልፍም፤ ቀራጩ ዲያቆን ቢሆን እንኳ ዲቁናው የተሰጠው ለመቀደስ እንጂ ለቀረጻ አይደለም። የቆራቢን ፊት አቅርቦ ማሳየትም አይገባም። በጥምቀት ታቦታቱ ወደ ባሕረ ጥምቀቱ ሲወርዱ፣ በካህናቱና በመዘምራኑ መካከል እየተጋፉ፣ እልል የሚለውን ሕዝብ ለመቅረጽ ሲሉ ለታቦቱ ጀርባቸውን የሚሰጡ ባለ ካሜራዎች ይታያሉ። ከዳር ቆሞ መቅረጽ፣ ታቦቱ ሲያልፍም ካሜራውን ዝቅ አድርጎ መስገድ ይቻላል፤ የሚያመልጠው ምስል ጥቂት ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ከስብሰባና ከሠርግ ያገኙት የላብዎ ዋጋ ነውና ዐሥራት ይወጣበታል። የሙዚቃ ዝግጅትንም ሁሉ በጅምላ አልኮንንም። ስካርንና ዝሙትን የሚያስጌጥ ምስል አቀናብሮ ከክፍያው ዐሥረኛውን ማውጣት ግን ሥራውን አይቀድሰውም፤ ዘዳግም 23፥18 የአመንዝራ ዋጋ ወደ እግዚአብሔር ቤት እንዳይገባ ይከለክላል። እንዲህ ያለውን ውል አይፈርሙ። የቤተሰብዎ እንጀራ በእርሱ ላይ የቆመ ከሆነ ደግሞ ነገሩን ሳይሸሽጉ ለንስሐ አባትዎ በዝርዝር ይንገሩ፤ በምን ያህል ጊዜና በየትኛው ሥራ እንደሚተኩት አብረው ይወስኑ።