ጥያቄና መልስ፦ የጀልባ ሆድ ውሃ፣ ከድሬዳዋ

ምፅዋ የጀልባ ሞተር ስጠግን ኖሬ ዛሬ ከዚራ ጥላ ስር ነኝ። አንዱ ወንድማችን ሐዋሳ ላይ አሮጌ ፋይበርግላስ ጀልባ ገዝቶ ሆዷ ውሃ እያቆረ አስቸግሮታል። ስለ ማስወጫው ፓምፕ ጠይቁ፤ እስከ በርጫ ሰዓት አለሁ።

የሐዋሳው፦ 500 ጋሎን የሚል ፓምፕ ይበቃታል?

መልስ፦ 500 ጋሎን የሚለው በሰዓት ነው፤ 1,900 ሊትር ገደማ፣ በደቂቃ 32 ሊትር ቢሆን ነው፤ ያውም ጎማ ሳይገባለት፣ ሽቅብ ሳይገፋ የተለካ። ከውሃው ልክ 30 ሳንቲ ዝቅ ብሎ 25 ሚሊ ቀዳዳ ቢከፈት በደቂቃ 40 ሊትር ገደማ ይገባል። አይደርስበትም። ከፍ ያለውን ግዛ፤ ባልዲም አይጥፋ። ፊውዙ ባትሪው ጎን ይሁን።

ለገሃሬ፦ ድሬ ላይ ጀልባ ከየት መጣ አቦ? ደቻቱ ላይ ልትነዱ ነው?

ሳቢያን፦ በደቻቱ አይቀለድም። የ1998ቱን የሐምሌ ጎርፍ ረሳኸው?

ለገሃሬ፦ ይቅርታ። ሐረማያ ሐይቅ ይሻላል ለማለት ነው።

ሳቢያን፦ እሱ ደርቆ የለ እንዴ!

ጀጎል፦ ተመልሷል እኮ፤ በዚያ በኩል አልፈህ አታውቅም? ለማንኛውም የፓምፑ ጎማ ምን ዓይነት ይሁን? ጫፉስ የት ይውጣ?

መልስ፦ ይሄን ስጠብቅ ነበር። የተሸበሸበው ርካሽ ጎማ ውስጡ እርከን በእርከን ስለሆነ ፍሰቱን ይገድለዋል። ውስጡ ልሙጥ የሆነውን ያዝ፣ አሳጥረው፣ መሃል ላይ አይርገብ። መውጫው ከውሃው በላይ ይሁን፤ ስልህ ግን ባዶዋን ሳይሆን ሰው ጭና ባለችበት ልክ ነው። እኔ ራሴ አንዴ መውጫውን ከኋላ ዝቅ አድርጌ በስቻለሁ። ባዶዋን ስትቆም ምንም የለባትም። አምስት ሰው ከኋላ ሲቀመጥ ቀዳዳው ውሃ ውስጥ ገባ። ፓምፑ አውጥቶ ሲያቆም ጎማው ሙሉ ነበርና ባህሩ በዚያው ጎማ ተስቦ ይገባ ጀመር። ከበርሜል ናፍጣ በጎማ ስበህ ታውቅ የለ? ያው ነው። ፓምፑ ይነሳል፣ ያወጣል፣ ይቆማል፣ ውሃው ይመለሳል፤ ባትሪው እስኪሞት። ስለዚህ ጎማውን እስከ ጠርዙ ከፍ አድርገህ ቆልምመህ አውርደው፤ ቁልምሙ አናት ላይ አየር ማስገቢያ ይኑረው። ፋሼታው፣ ማለቴ የጎማው ማጥበቂያ ቀለበት፣ በየጫፉ ሁለት ሁለት።

ጀጎል፦ የማይመልስ ቫልቭ ባስገባስ?

መልስ፦ አታስገባ። ቆሻሻ ሲነክስ ወይ ተከፍቶ ወይ ተዘግቶ ይቀራል።

ከዚራ፦ የኔም ፓምፕ አይሠራም፤ ምን ላድርግ?

መልስ፦ «አይሠራም» ምን ማለት ነው? ይጮሃል? ይሞቃል?

ከዚራ፦ የቤት ነው፣ ወደ ሮቶ የሚገፋው።

መልስ፦ የድሬ ውሃ ኖራ ያጋግራል፤ ፈትተህ እየው። ወደ ጀልባችን።

የሐዋሳው፦ የሽቦውን መገጣጠሚያ በናስትሮ ብጠቀልለውስ?

መልስ፦ ናስትሮ እዚያ እርጥበት ውስጥ ወር አይቆይም። መገጣጠሚያውን ከፍ አድርገህ እሰረው፣ በሙቀት የሚኮማተር ሙጫ ያለው ሽፋን አልብሰው። ፊውዝ ባትሪው ጎን! ልኩ ፓምፑ ላይ ተጽፏል። የፖዘቲቭና የኔጋቲቭ ሽቦ ካፈራረቅህ ደግሞ ሞተሩ ወደ ኋላ ይዞራል፤ ይጮሃል እንጂ ውሃው እንደ እንባ ነው።

መጋላ፦ ሰላም ለሁላችሁ፤ ስንት ጋሎን ይሻላል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ወደ ላይ አንብብ።

የሐዋሳው፦ ወለሉ ላይ በብሎን ልምታው?

መልስ፦ አሮጌ ጀልባ ልትበሳ? ጣውላ በኢፖክሲ አጣብቅና እሱ ላይ እሰረው። ቦታውን ለማግኘት አንድ ኩባያ ውሃ አፍስስ፣ የተኛበት ነው። ዘይት ካለ አስቀድመህ በጨርቅ ምጠጠው፤ ዓሣ የሚወጣበት ሐይቅ ነው። ከዚያ ዋናውን ማብሪያ አጥፋና ሁለት ባልዲ ድፋባት። ፍሎተሩ፣ ውሃው ከፍ ሲል ተንሳፎ ፓምፑን የሚያስነሳው ማብሪያ፣ ከባትሪው በቀጥታ ከተሳበ ዋናው ማብሪያው ጠፍቶም ይነሳል። ካልተነሳ ፎቶ ላክ፤ ጽሑፍ ብቻ እንዳትልክ።